የዋስትና ጥያቄዬ ያለ ማስረጃ ውድቅ በመደረጉ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት መምሪያ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዋስትና ጊዜ ውስጥ የተበላሸ የስፖርት መኪና ሞተር በውሉ መሠረት እንዲጠገንልኝ ወይም እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. ባለ ሁለት በር፣ ባለ ተርቦ ሞተር አዲስ የስፖርት መኪና ከድርጅታችሁ ገዝቻለሁ። በሽያጭ ውላችን መሠረት ሞተሩ ለ3 ዓመት ወይም ለ100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ፣ ዋስትና አለው። ይሁን እንጂ መኪናው 21 ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ከታች በኩል የማንኳኳት ድምፅ ማሰማት በመጀመሩ ማሽከርከሬን አቁሜ በጭነት መኪና ወደ ጋራዣችሁ አስገብቼዋለሁ። ሰርቪስ በሙሉ የተደረገለት በእናንተው ጋራዥ ስለመሆኑ በሰርቪስ ደብተሩ ላይ ያረፈው ማኅተማችሁ ያስረዳል።

መካኒካችሁ የዘይት ፊልትሮውን እኔ ባለሁበት ቆርጦ ሲከፍተው፣ በወረቀቱ እጥፋቶች መካከል መዳብማ ቀለም ያለው የብረት ብናኝ ሲያብለጨልጭ አብረን አይተናል። የቤላ ብሮንዚን (ፒስተኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ የሚያርፍበት ማቀፊያ) የላይኛው ስስ ሽፋኑ ተበልቶ ካላለቀ በቀር ከሥሩ ያለው መዳብ ዘይት ውስጥ አይገባም። መካኒካችሁም ብሮንዚኑ መበላቱን፣ ምናልባትም ኮሎው መነካቱን በዚያው ሰዓት ነግሮኛል፤ ለዚህ ቅንነቱ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከመምሪያችሁ የደረሰኝ ደብዳቤ ግን ብልሽቱ «ተገቢ ባልሆነ አነዳድና ጥራቱን ባልጠበቀ ቤንዚን» የመጣ ነው በማለት ጥያቄዬን ውድቅ አድርጎታል። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘ አንድም የምርመራ ውጤት የለም።

ስለ አነዳዱ የቀረበው ምክንያት በቀላሉ ሊጣራ የሚችል ነው። የሞተሩ ኮምፒዩተር፣ የሞተሩ ዙር (በደቂቃ የሚዞርበት ፍጥነት) ከተፈቀደው ጣሪያ ሲደርስ ነዳጅ ይቆርጣል፤ ካምቢዮውም አውቶማቲክ በመሆኑ ሞተሩን ከልክ በላይ የሚያዞር ዝቅተኛ ማርሽ ቢታዘዝ እንኳ አይቀበልም። ከልክ ያለፈ ዙር ተከስቶ ነበር የምትሉ ከሆነ፣ ባለሙያችሁ መሣሪያ ሰክቶ ከኮምፒዩተሩ ያነበበውን መረጃ ልታሳዩኝ ይገባ ነበር። ይህንኑ በቃልም በጽሑፍም ጠይቄ «የውስጥ ሰነድ ነው» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። የራሴ መኪና መረጃ ለእኔ ምሥጢር ሆኖ፣ በእኔው ላይ ግን ማስረጃ ተደርጎ መጠቀሱን ልቀበለው አልችልም።

ቤንዚንን በተመለከተ፣ ጉዳቱ ከፍንዳታ መዛባት (ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ያለ ሥርዓት ከመቀጣጠሉ) የመጣ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ በቅድሚያ በካንዴላዎቹና በፒስተኖቹ አናት ላይ ይታይ ነበር፤ ባለሙያችሁ ግን ካንዴላዎቹን እንኳ ፈትቶ አላየም። ከዚህም በላይ በአገራችን የሚሸጠው ቤንዚን በሙሉ ከውጭ የሚገባ መሆኑን፣ አዲስ አበባም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ ድርጅታችሁ መኪናውን ሲሸጥልኝ ያውቃል። ሞተሩ ለዚህ ነዳጅና ለዚህ አየር የማይስማማ ከሆነ፣ ይህ የሻጩ እንጂ የገዢው ኃላፊነት አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287 የተሸጠው ነገር ከጉድለት ነፃ ስለመሆኑ ሻጩ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ይህን መኪና ከውጭ በሚገባ ሌላ አዲስ የቤንዚን መኪና መተካት የምችልበት መንገድም የለኝም።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ የተነበበው መረጃ ሙሉ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ ሞተሩ እኔና የምመርጠው ገለልተኛ ባለሙያ ባለንበት እንዲፈታ፣ የተበሉት ብሮንዚኖችም እስከ ጉዳዩ ፍጻሜ እንዳይጣሉ፣ ጉድለቱ ከተረጋገጠም ሞተሩ ያለ ምንም ክፍያ እንዲጠገን ወይም እንዲቀየር እጠይቃለሁ። በ15 ቀናት ውስጥ የጽሑፍ ምላሽ ካልተሰጠኝ ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካልና ለፍርድ ቤት የማቀርብ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናው ባለቤት

አባሪ፦ የሽያጭ ውል፣ የሰርቪስ ደብተር፣ የፊልትሮው ፎቶግራፍ

ግልባጭ፦ ለአምራቹ ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት