ለዳኛዬ፣ ከደብረ ብርሃን

ይድረስ ለዳኛዬ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። አየህ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለን ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ስንጽፍ የምንጀምርባትን ቃል አልረሳኋትም። ያኔ ናፍቆት ምን እንደሆነ ሳይገባን ነበር የምንጽፋት።

ስምንት ዓመት ዝም ያልኩህን «ስልኬ ጠፍቶ ቁጥርህ አብሮ ሄደ» ብዬ ላልፈው አስቤ ነበር። ስልኩ እውነትም ጠፍቷል። ግን ቁጥርህ እህትህ ጋ አለ፤ እሷን ደግሞ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ። እንግዲህ ይህችን ምክንያት ተዋት።

ብዕር ያስያዘኝ የትልቋ ልጄ ጥያቄ ነው። አሥራ አምስት ሞልቷት ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው። ሳይክል ልትገዛ ገንዘብ ታጠራቅማለች፣ ያውም በባትሪ የሚሄደውን። መጀመሪያ ሞተር ነበር ያማራት፤ መንጃ ፈቃድ 18 ሳይሞላ እንደማይሰጥ ስትሰማ ወደ ሳይክል ወረደች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች ሹሩባ ትሠራና ያገኘችውን ቴሌብር ላይ ታስቀምጣለች። ባለፈው ሰሞን ማታ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አባዬ፣ አንተ የመጀመሪያ ሳይክልህን በምን ገዛህ?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ማውራት ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘና ዘለልኩት። የዘለልኩትን ላንተ ልጻፈው፤ ከኔ ሌላ የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

በ1989 ያስበየድናቸው የኒዶ ጣሳዎች ትዝ ይሉሃል? ክዳናቸውን አስበይደን በቢላ ጫፍ ለሳንቲም የምትበቃ አፍ አወጣንላቸው። ከዚያ የኔን እናንተ ቤት፣ ያንተን እኛ ቤት አስቀመጥን። ሐሳቡ ያንተ ነበር፤ «ሰው የራሱን ጣሳ ይሰርቃል፣ የጓደኛውን ግን ያፍራል» ብለህ። እኛ ቤት ቢቀመጥማ ኖሮ የኔ ጣሳ ለበዓል ዶሮ ይሆን ነበር፤ እናቴን ታውቃታለህ። እናትህ ግን ከአልጋዋ ሥር አስገብታ በኩበት ማዳበሪያ ከለለችው። አንድ ቀን ለእስክሪብቶ ብዬ ስለምናት «ልጄ፣ ቁልፉ የለም» አለችኝ። ቁልፍ እንደሌለውማ እኔም አውቅ ነበር።

ለልጄ በደንብ የነገርኳት የበጉን ሥራ ነው። ከመንዝ የሚመጡት ነጋዴዎች በጎቻቸውን ገበያ ላይ የሚይዝላቸው ልጅ ሲፈልጉ፣ እኛ ገና ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ ደርሰን እንቆም ነበር። ገመዱ በጤዛ ርሶ እጅ ይቆርጣል። ጣታችን ሲደነዝዝ እጃችንን በጉ ሆድ ሥር፣ ፀጉሩ ውስጥ እንከተዋለን፤ በጉም ዝም ብሎ ይቆምልናል። ያ የርጥብ ፀጉር ሽታ እስከ ሰኞ ከእጃችን አይለቅም፤ ክፍል ውስጥ ከኛ ጋር የሚቀመጥ አልነበረም። ልጄ እዚህ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች።

ፊኒክስ ሳይክሉ ጎሚስታው ቤት ደጃፍ ላይ ተደግፎ ይውል ነበር፤ ወደ በሬሳ ድልድይ ስትወርድ። ባለቤቱ አስተማሪ ነው፤ ዝውውር ደርሶት 420 ብር ካገኘ በሳምንቱ ይሸጠዋል ተባለ። ጣሳዬን ሰበርን። ዓመት ከሦስት ወር የተጠራቀመው ገንዘብ እናትህ ወለል ላይ ሲቆጠር 290 ሆነ። 130 ጎደለ። የልጆቹ ዕቁብ ደግሞ በትክክል 130 ነበር፤ አሥራ ሦስት ልጅ፣ በወር አሥር አሥር ብር።

የዚያን ወር ዕጣ ለማን እንደወጣ ልንገርህ አያስፈልግም። ቆቡ ውስጥ እጁን የከተተው ታናሽ ወንድምህ ነው፤ የወጣው ስም ያንተ ነው። አንተ ወረቀቱን አየህ፣ እኔን አየህ፣ ከዚያ «የኔ ለሱ ይሁን፤ የሱ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ» አልክ። የዕቁቡ ዳኛ ስለነበርክ ማንም አልተከራከረም። የትልልቆቹ ዕቁብ ቢሆን ኖሮ ብሩ ከመሰጠቱ በፊት ዋስ ይጠየቅ ነበር። እኛ ማንን ዋስ እንጥራ? በጎቹን?

ደብተርህን ግን አይቼው ነበር። የዕቁቡን መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ ትይዝ የነበረውን። ከስምህ አጠገብ በትንንሽ ፊደል «ጫማ» ብለህ ጽፈሃል። ያን ክረምት በኮንጎ ጫማ እንደምትመላለስ፣ ውኃው ውስጡ ጭልቅ ጭልቅ እያለ ከኋላዬ እንደምትሄድ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ብሩን የወሰድኩት።

የኔ ዕጣ መጨረሻ ላይ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ቀድመው የበሉት ልጆች አንዳንዱ «አባቴ ከለከለኝ»፣ አንዳንዱ «ነገ» እያለ መክፈል አቁሞ ነበር። አንተ ጋ የደረሰው 70 ብር ነው። ስድስት ልጅ አልከፈለም። ዘለልኩት ያልኩህ እዚህ ጋ ነው፤ ከስድስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። የዚያን ወር አሥር ብር አልነበረኝም ብዬህ ነበር፣ አይደል? ነበረኝ። የሳይክሉን ቃጭል የገዛሁት በሷ ነው። ኋላው ላይ ተቀምጠህ እጅህን በጎኔ አሳልፈህ እየደወልክ ጫጫ ድረስ የሄድንባት ቃጭል። በጣም ትወዳት ነበር፤ እኔ ግን በጮኸች ቁጥር ሆዴ ይረበሽ ነበር።

አንተ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ነገሩን አላነሳህም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፤ አንተ ዝም ስትለኝ ነው የሸሸሁህ። አዲስ አበባ ስትሄድ አልሸኘሁህም፣ ስትደውል አጭር አወራሁ፣ ከዚያ ጭራሽ ተውኩት። በ60 ብር ይህን ያህል ዓመት ይባክናል ብሎ ማን ያስባል?

ሌላ ወሬ ላውራህ። የልጄ ሳይክል ከሷ ፊት ፊት እየሮጠ አስቸግሯታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻግሮ የለ? ሳይክሉም የሚመጣው ከውጭ ነው። እሷ አንድ ሺህ ስትጨምር ባለሱቁ ሁለት ሺህ ይጨምራል። ባንክ ብታስገባው በትንሹ 7 ከመቶ ወለድ ያስቡላታል፤ ባለሱቁ በሰባት መች ይበቃዋል? እኔ «ሁለት የመንዝ ጠቦት ገዝተሽ አርቢ፣ በግ ከዶላር ጋር አብሮ ይወደዳል» ብላት «አባዬ፣ ሹሩባ የምሠራው በግ ልጠብቅ ነው?» ብላ አሳፈረችኝ። እውነቴን ነው ግን፣ ምክሬ ትክክል ይመስለኛል። አንተ ብትነግራት ትሰማህ ይሆናል።

ይኸውልህ የምለምንህ። ቴሌብሯ እጇ ላይ ስላለ በየሳምንቱ ትነካካዋለች፤ አንድ ጊዜ ለጓደኛዋ ልደት፣ አንድ ጊዜ ለካርድ። እኔ ልያዝልሽ ብላት ደግሞ «አንተ ለቤት ታወጣዋለህ» አለችኝ፤ አያቷን እንዴት አወቀቻት እላለሁ። ስለ ጣሳዎቹ ስነግራት ዓይኗ በራ። «ያ ጓደኛህ አሁንም አለ?» አለች። አለ አልኳት። በየወሩ ላንተ ትላክና አንተ ያዝላት፤ ብትለምንህም «ቁልፉ የለም» በላት።

ቁጥርህን ከእህትህ ወስጃለሁ፤ የማልደውለው በስልክ ይህን ሁሉ መናገር ስለማልችል ነው። ደብዳቤውን መንገዱ ደህና ሲሆን ለሾፌር እሰጠዋለሁ። መልስህ ሲመጣ ግን አንድ ነገር ጻፍልኝ። 60 ብር ይዤ ዛሬ ጫማ ቤት ብገባ ክሩን እንኳን አይሸጡልኝም፤ ስለዚህ በብር አልመልስልህም። ያኔ እግርህ 39 ነበር። አሁን ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?

ወንድምህ