ቀዩ ሽፋን በአንቲባዮቲክ አይነቀልም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቤታቸው በጨዋማ ውኃ አኳሪየም ዓሣና ኮራል የሚያኖሩ ሰዎች በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ቀይ ዝልግልግ ሽፋን ሲያዩ አስቀድመው የሚፈልጉት ውኃው ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት በመሆኑ፣ እኔም ይህንኑ አድርጌ የተጎዳሁ ሰው ነኝና ስለ ጉዳዩ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ ኤሪትሮማይሲን፣ ማለትም ለሰው ሕመም የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ ነው። ሽፋኑ አልጌ ቢመስልም በብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ሳይኖባክቴሪያ የተባለ ባክቴሪያ ስለሆነ መድኃኒቱ በእርግጥ ይገድለዋል። የእኔም አሸዋ በሁለት ቀን ነጣ። በሦስተኛው ሌሊት ግን የሞተው ሽፋን ሲበሰብስ በውኃው የሟሟውን ኦክስጅን ጨረሰውና 5 ዓመት ያሳደግኋቸውን ሁለት ዓሦች ጠዋት ሞተው አገኘኋቸው። መድኃኒቱን የሸጠልኝ ሰው የውኃውን ገጽ አጥብቆ የሚያናውጥ ፓምፕ እንደሚያስፈልግ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወር ሳይሞላ ሽፋኑ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ወጣ።

የተመለሰው ያበቀለው ነገር ስላልተነካ ነበር። ዓሦቹ ሳይበሉት የሚቀረው ምግብና ኩሳቸው በስብሶ ሽፋኑን የሚመግቡት ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉ ንጥረ ነገሮች ይሆናል፤ ውኃው በማይንቀሳቀስበት ጥግ ደግሞ ዝቃጩ ይከማቻል። ናይትሬትን ማጥፋት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከሳይኖባክቴሪያ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በውኃው ከሟሟው አየር ናይትሮጅን መውሰድ ስለሚችሉ፣ ናይትሬቱ አልቆ ፎስፌቱ ሲቀር ሌሎቹ ተራቡና እነርሱ ብቻቸውን ተንሰራፉ ማለት ነው። ሁለቱንም እስከ ዜሮ ማውረድም የባሰ መዘዝ አለው፤ አረፋ ያዘለ ቡናማ ክር የሚመስሉት ዳይኖፍላጀሌት የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ብዙ ጊዜ የሚነሡት እንዲህ በተራቆተ ውኃ ነው፣ ከእነርሱም መርዘኛ የሆኑት ቀንድ አውጣዎችን ይገድላሉ። ስለዚህ በእኔ እምነት ናይትሬትን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ማቆየት ይሻላል። አረንጓዴው ፀጉር መሰል አልጌ በተንሰራፋበት ውኃ መለኪያው ዜሮ ቢያሳይም ሊያዘናጋን አይገባም፤ ፎስፌቱን አልጌው ራሱ ወስዶት ሊሆን ይችላልና።

በአዲስ አኳሪየም ላይ የሚታየው ቡናማ ብናኝ የተለየ ነው። ይህ ዲያቶም የተባለ ጥቃቅን አልጌ ሲሆን የሚመገበው ሲሊኬት የተባለ ማዕድን ሲያልቅበት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ራሱ ይጠፋል፤ በእርሱ ላይ መድኃኒት ማፍሰስ በከንቱ መድከም ነው።

እኔ በመጨረሻ ሽፋኑን በቀጭን ቱቦ እየመጠጥሁ አወጣሁ፤ ፓምፑን ወደ ጥጉ አዞርሁ፤ በቧንቧ ውኃ ፋንታ በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም የሟሟውን ነገር በሚያስቀር ስስ ማጣሪያ የተጣራ ውኃ መጠቀም ጀመርሁ፤ የበረዶ ምግቡን ካቀለጥሁ በኋላ ፈሳሹን ደፍቼ ዓሦቹ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ሰጠሁ፤ በየሳምንቱም ከውኃው 10 በመቶ ቀየርሁ። ሽፋኑ እስኪጠፋ ሁለት ወር ተኩል ፈጅቷል፤ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ጉዳዩ በአኳሪየም ባለቤቶች ብቻ አያበቃም። መድኃኒቱ የተጨመረበት ውኃ ሲቀየር የሚደፋው ወደ ፍሳሽ ነው፤ በዚያም አንቲባዮቲኩን ባክቴሪያዎች እየተላመዱት ሲሄዱ ነገ ለታመመ ሰው የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ቤት እንስሳት አያያዝ በሚያወጣቸው ጽሑፎች ውስጥ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ወደ አኳሪየም እንዳይጨመር፣ ተጨምሮ ከሆነም ውኃው ከመደፋቱ በፊት መድኃኒቱን በሚመጥጥ የማጣሪያ ከሰል እንዲያልፍ እንድታሳስቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ