የኬሚስትሪ ክበብ ዘገባ፦ መሀሉ ነጭ የቀረው ድንች

ክበባችን ዘንድሮም ረቡዕ ረቡዕ ተሰብስቧል። ኮሚቴ ተመርጧል፣ የግድግዳ ጋዜጣ ወጥቷል፣ በሚኒ ሚዲያ ጥያቄና መልስ ቀርቧል። ይሄን በዚሁ ልለፈው።

ስለ ርዕሳችን ግን ዝም አልልም። «ከጋዝ ነዳጅ መሥራት ለ12ኛ ክፍል ፈተና ምን ይረባል?» ተብያለሁ። ይረባል። ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅንን አዋህደው ሃይድሮካርቦን፣ ማለትም ነዳጅ የሚሆነውን የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ሠሩ። ደቡብ አፍሪካ ዛሬም ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የምታወጣው በዚሁ መንገድ ነው። ካታሊስቱ፣ ማለትም ምላሹን የሚያፋጥነው ነገር፣ ኮባልት ወይም ብረት ነው፤ ኮባልቱ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ በሞላው እንክብል ውስጥ ይሰራጫል። ችግሩ፣ ከሚፈጠረው ውስጥ ሰም አለ፤ ሰሙ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። ጋዙ በሰሙ ውስጥ እየተጎተተ ነው የሚገባው። ሃይድሮጅን ፈጣን ስለሆነ ቀድሞ ይደርሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በእንክብሉ መሀል የካርቦን ሰንሰለቱ ሳይረዝም ይቋረጣል፤ በፈሳሽ ነዳጅ ፋንታ አንድ ካርቦን ብቻ ያለው ጋዝ፣ ሜቴን፣ ይበዛል። እንክብሉ በወፈረ ቁጥር ይብሳል።

ይህን ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ብዙ ፊት አልፈካም። ስለዚህ ድንቹ እንክብሉን፣ አዮዲኑ ጋዙን እንዲተካልን አስበን፣ ሚያዝያ ላይ ድንች፣ ቢላና ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ይዘን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወረድን። ከዋርካው ጥላ ሥር ድንቹን ቆራርጠን አዮዲኑ ውስጥ ዘፈዘፍን፤ ግማሹ ወፍራም፣ ግማሹ እንደ ቅጠል የሳሳ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ዙሪያችንን ቆመዋል። ከምሳ በኋላ ስንሰነጥቀው ስሱ ዘልቆ ጠቁሯል። የወፍራሙ ጠርዝ ብቻ ጠቁሮ መሀሉ ነጭ ነው። ስታርቹ አዮዲኑን ዳር ላይ ይዞ አስቀርቶታል።

ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማሁት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነጩን እያየች፣ «ቲቸር፣ መሀሉ ካልሠራ ኮባልቱ እዚያ ምን ያደርጋል? ዳሩን ብቻ ብንቀባውስ?» አለች።

ለጊዜው ቃል አጣሁ። ካታሊስት ሠሪዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ኮባልቱን እንክብሉ ዳር ላይ ብቻ ያሳርፋሉ፣ ስሙንም የእንቁላል ቅርፊት ብለውታል። እኔ ግን አንድም ቀን አላስተማርኳትም። ስነግራት በአዮዲን ቡኒ በሆኑ ጣቶቿ ፊቷን ሸፈነች። ያን ቀን አልረሳውም።

ያልተሳካም አለ። ድንቹ ምን ያህል እንደጠጣ መመዘን ፈልገን ሚዛን አጣን። አዮዲኑን የገዛነው ከኪሳችን ነው። ለኳስ ማልያ የሚገኝ ገንዘብ ለአንዲት ሚዛን እንዴት ይጠፋል? ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የምንለምናችሁ ሚዛንና ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሳጥን ነው።

ለከርሞ ፐሚስ በሚባለው ቀዳዳማ ድንጋይ እንሞክራለን። ልጆቹ ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ ለምነው አምጥተው፣ በየመጠኑ ለይተው ካርቶን ውስጥ አስቀምጠውታል።