እማዬ፣ ክሱን ከማስገባትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጅማ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ያወራነው በለቅሶ ስላለቀ መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው። የአባዬን የሕይወት ዋስትና ገንዘብ በፍርድ ቤት ልትጠይቂ ነው አሉኝ። «ሚስቱ ነኝ፣ ለአጋሮዋ ልጅ ደርሶ ለኔ እንዴት ይቀራል?» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ዕድሜ ልክሽን አብረሽው ኖረሽ ስምሽን ወረቀቱ ላይ ማጣት ያማል። አልፈርድብሽም።

የዋስትናውን ውል አይቼዋለሁ። «ተጠቃሚ» በሚለው ቦታ ላይ፣ በዚያ በአስተማሪ እጅ ጽሑፉ፣ ልጆቹን ሁላችንንም በየስማችን ጽፎናል። የአጋሮዋ፣ በአባት የምንገናኘው እህታችን ታላቅ ናትና ቀድማለች። ከጎን «እኩል» ብሎ አስምሮበታል።

ጠበቃ አማክሬ ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 827 መሠረት ሟች ተጠቃሚውን ካልወሰነ፣ ወይም በደፈናው «ለወራሾቼ» ካለ፣ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ ይገባል። እንደ አባዬ ለይቶ ከጻፈ ግን ውርስ አይደለም። እሺ፣ ውርስ ነው ተባለ እንበል። በቁጥር 842 መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ያውም እኩል። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም። ስለዚህ ብታሸንፊ እንኳ ብሩ ዞሮ እኛው ጋ ይመጣል። ላንቺ የሚተርፍሽ ወጪውና ምልልሱ ነው።

«ለዋስትናው የሚከፈለው አረቦን የወጣው ከቤቴ ነው» ያልሽው እውነት ነው። ደመወዙ የጋራችሁ ነበር። ጠበቃው እንደሚለው ግን በዚህ መከራከር ቢቻል እንኳ ክርክሩ በተከፈለው አረቦን ላይ እንጂ ኩባንያው በሚከፍለው ብር ላይ አይሆንም።

ያንቺ የሆነውን ግን አጥብቀሽ ያዢ። ቤቱ፣ ባንክ ያለው፣ በትዳር ያፈራችሁት ሁሉ፣ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም ግማሹ ያንቺ ነው። ከአባዬ የምትወርሺው አይደለም፣ ድሮም ያንቺው ነበር። እኛ ልጆች ሳንካፈል በፊት የጋራ ሀብቱ ተጣርቶ ድርሻሽ ይለይ። ጉልበትሽን እዚህ ላይ አውጪው። ጡረታውም አለ። ለመንግሥት ሠራተኛ ሚስት የሟች ባሏ ጡረታ ግማሹ ይከፈላታል። እስካሁን አላመለከተችም አሉኝ። ለምን እማዬ?

ትንሹ ገና 18 ስላልሞላው ሞግዚቱ አንቺ ነሽ፤ ድርሻውን የምትቀበዪለትም አንቺ ነሽ። ግን የሱ ገንዘብ ነው፣ ለትምህርቱ በስሙ ይቀመጥ። የኔን ድርሻ ላንቺ እሰጣለሁ። ክስ ፈርቼ አይደለም። የጅማ ዝናብ ያን ጣሪያ እንደጨረሰው አውቃለሁ፣ አሠሪበት።

ስለ አጋሮዋ እህታችን አንድ ነገር ልበል። ለቅሶው ላይ ማንም ሳይጠራት ጓዳ ገብታ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ለእንግዳው ሁሉ ቡና ስትቆላ አይተሻታል። አንቺ ባልሽን እንዳጣሽ ሁሉ እሷም አባቷን አጥታለች። እሱ በእጁ የጻፈውን ስሟን ለማስፋቅ ዳኛ ፊት ስትቆሚ ማየት አልፈልግም። ጎረቤት ይምከር፣ አንቺ ግን ልጅሽን ስሚ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እመጣለሁ። የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ የቤቱን ካርታና የባንክ ደብተሩን ከቁም ሳጥኑ አውጥተሽ አንድ ላይ አስቀምጪልኝ። ዓርብ ጠዋት ጡረታ ቢሮ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ።

የሚወድሽ ልጅሽ