ፖምፓ ከማስፈታት በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለዓመታት ቆሞ የኖረ ማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ታድሶ፣ ቀለም ተቀብቶና ጎማ ተቀይሮለት ሲነሳ ሞተሩ ይቆራርጣል፤ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) መላ አካላቱ ይርገፈገፋል። ያኔ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፖምፓው ነው፣ ይፈታ።» ፖምፓ የሚሉት ናፍጣ በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከውን ነው። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚስትና የባለንብረቱን ኪስ ስለሚያራቁት ለባለ ትራክተሮችና ለወጣት መካኒኮች ጥቂት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ።

በአገራችን የሚታወቀው የ135 ናፍጣ ሞተር ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ነው፤ የሚተኩሰውም 1፣ 2፣ 3 እያለ በተራ ነው። ፖምፓው ሲኤቪ የሚባለው ክብ ፖምፓ ሲሆን ውስጡ ያለው አንድ ጥንድ ፕለንጀር (ናፍጣ ገፊ ዘንግ) ለሦስቱም ሲሊንደሮች ተራ በተራ ናፍጣ ያድላል። ፕለንጀሩ ካረጀ ሦስቱም አብረው ይደክማሉ እንጂ አንዱ ብቻ ተነጥሎ አይሞትም። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሞተ ጥፋቱን መጀመሪያ ከፖምፓው ወዲህ ፈልጉ፦ በቧንቧው፣ በኖዝሉ (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ በሚረጨው)፣ በቫልቩ ወይም በኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን በሚያምቅበት ኃይል)። (ለየሲሊንደሩ የየራሱ ፕለንጀር በተደረደረበት ፖምፓ ላይ ግን ይህ አባባል አይሠራም።)

የሞተውን ሲሊንደር ማግኘት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የየኖዝሉን የቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ ግማሽ ዙር ማላላት፣ ማዳመጥ፣ መልሶ ማጥበቅ። ሲላላ ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ድምፁ ንቅንቅ ካላለ ሰነፉ እሱ ነው። ዳዶው ላይ ጨርቅ ይጣልበት፣ መነጽር ይደረግ፣ እጅ ከፊቱ ይራቅ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ሆስፒታል የሚያስሄድ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ የሰነፉን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየር ነው። ችግሩ ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ኖዝሉ በመሞከሪያ ማሽን ይታይ። ከቦታው ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቩና ወደ ኮምፕሬሽኑ እንሄዳለን። ኖዝሉ ሲወጣ መቀመጫውን በእጅ ባትሪ ማየት አይዘንጋ። አዲስ በታደሰ ሞተር ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ጥፋት እዚያ ነው ያለው፦ የድሮው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) በጥላሸት ተሸፍኖ እታች ተጣብቆ ይቀራል፤ አዲሱ በላዩ ይደረባል። ኖዝሉ ከልኩ ከፍ ይላል፣ ዙሪያውን ጋዝ ያስተነፍሳል፣ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ያወጣል። ኖዝሉን ከሚይዙት ሁለት ዳዶዎች አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድም ኖዝሉን ያጣምመዋል፤ እያፈራረቁ ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ ነው።

የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው) ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.30 ሚሊሜትር፣ ትኩስ ሳለ 0.25 ነው። በቀዝቃዛ ሞተር 0.25 አድርጎ መዝጋት ቫልቩ ሲሞቅ በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል። ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ወርዶ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ከተቀየረ ደግሞ ሞተሩ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ቴስታታው እንደገና ይጠበቃል፤ ያኔ ክፍተቱ ስለሚለወጥ በድጋሚ ይለካ።

አንድ ሲሊንደር ሳይለይ ሞተሩ እንዳለ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ወይም ጥቂት ሠርቶ ሲጠፋ፣ ነገሩ በአብዛኛው የናፍጣና የአየር ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሰርባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ክዳን ይላላ። የክዳኑ የአየር ቀዳዳ በአዲሱ ቀለም ተደፍኖ ከሆነ ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ አየር ይስባል፤ መድኃኒቱ ቀጭን ሽቦ ነው። ቀጥሎ የሰርባትዮው መውጫ ይፈተሽ። ለዓመታት ባዶውን የቆመ ሰርባትዮ ዝገቱን የሚለቀው ትራክተሩ መንገጫገጭ ሲጀምር ነው፤ ፊልትሮ (የናፍጣ ማጣሪያ) ብቻ እየቀየሩ መሄድ ሰርባትዮውን አያጥብም። መውጫው ሲጠብ ናፍጣ ሳቢዋ ትንሿ ፖምፓ አጥብቃ ስለምትስብ፣ ቆሞ የማያንጠባጥብ መጋጠሚያ እንኳ ሞተሩ ሲሠራ አየር ያስገባል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ቢገባ አረፋው በዓይን ይታያል።

አየር ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ ፊልትሮው፣ በፖምፓው ጎን ያለችው ቡሎን፣ በፖምፓው አናት ያለችው ቡሎን፣ በመጨረሻም ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) እያዞሩ የኖዝሎቹ ዳዶዎች። የትንሿ ፖምፓ የእጅ ማንሻ አልስብ ካለች ተበላሽታለች ብሎ መፍታት አያስፈልግም፤ ካሙ (ውስጥ የሚገፋት የሞተሩ ጉብታ) ገፍቶ ይዟት ይሆናልና ሞተሩን አንድ ዙር አዙሮ እንደገና መሞከር ይበቃል።

ጭሱም ይናገራል። ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ፣ ፖምፓው ዘግይቶ ተገጥሟል ወይም ኮምፕሬሽን የለም። ደረቅ ኳኳታ ካለ ቀድሞ ተገጥሟል። ጭነት ላይ የሚወጣ ጥቁር ጭስ ግን ከአየር ማነስ ሊሆን ይችላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ፤ እታች ንጹሕ የነበረ ሞተር የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ትንሽ ቢያጠቁር የፖምፓውን የናፍጣ ልክ መነካካት አያሻም። ይልቅ የአየር ማጣሪያው ዘይት ይታይ፤ በድሬዳዋ አቧራ በየሥራ ቀኑ ቢታይ አይበዛበትም። ዘይቱ ከምልክቱ ማለፍ የለበትም፣ ሞተሩ ይስበዋልና።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሦስቱም ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ፣ በተለይም ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳም ካለ፣ ያኔ ፖምፓው ይጠርጠር። ውስጡን እንደ ዘይት የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነውና ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ይበላዋል። ከመፈታቱ በፊት ግን በፖምፓው ክፈፍና በሞተሩ ላይ ያሉት ሁለት የጭረት ምልክቶች (ፖምፓው ሲመለስ የሚገጣጠሙት) ከቀለሙ ሥር ተፍቀው ይታዩ። ካልተገኙ በስል ብረት አዲስ ይጫር፤ ሥራውም መሞከሪያ ማሽን ላለው ባለሙያ ብቻ ይሰጥ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የናፍጣ ሞተር መካኒክ፣ ከድሬዳዋ