የሐሞት አሲድ ስታንዳርዶችን ከብልቃጥ እየከፈልን መሸጥ ስላቆምንበት ምክንያት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በዲዩቴሪየም (በከባድ ሃይድሮጅን) ምልክት የተደረገባቸውን የሐሞት አሲድ ስታንዳርዶች፣ ማለትም ለልኬት ማነጻጸሪያ የሚሆኑትን ንጹሕ ዱቄቶች፣ ከአንድ ብልቃጥ ላይ አንድና ሁለት ሚሊግራም እየመዘንን መሸጥ ማቆማችን ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ በስልክም በአካልም ነግራችሁናል። ለውጡን አስቀድመን ሳናሳውቅ በዋጋ ማቅረቢያ ላይ እንድታገኙት ማድረጋችን ስህተት ነበርና ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ስህተት አልነበረም።

እንደምታውቁት ከሐሞት አሲዶች አንዱ የሆነው ኮሊክ አሲድ፣ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር በአሉታዊ አዮን ሲለካ 407 ላይ ይታያል፤ በ2ኛውና በ4ኛው ካርቦን ላይ ያሉት አራት ሃይድሮጅኖች በዲዩቴሪየም የተተኩበት ደግሞ 411 ላይ። ምልክት ያለውን በታወቀ መጠን በበሽተኛው ናሙና ላይ ጨምራችሁ፣ የበሽተኛውን መጠን የምታሰሉት ከሁለቱ ጥምርታ ነው። ምልክት የሌለው ብናኝ ወደ ብልቃጡ ከገባ፣ መሣሪያው ከበሽተኛው ደም የመጣውን ከእኛ ሚዛን ከመጣው ሊለይ አይችልም። ባለፈው ዓመት አንዲት ተመራማሪ ደንበኛችን፣ ስታንዳርዱ ብቻ በተጨመረበት ብላንክ (የበሽተኛ ናሙና በሌለበት ፈሳሽ) ውስጥ 407 ላይ ፒክ (የመለኪያው ጉብታ) እየወጣ እንዳስቸገራት ነገረችን። መጀመሪያ ኮለሟን (ናሙናውን የሚለያየውን የመሣሪያዋን ቱቦ) ጠረጠርን፤ እውነቱን ለመናገር እሷንም ጠርጥረናል። ካልተከፈተ ብልቃጥ ወስዳ ስትሞክረው ፒኩ ጠፋ። ምልክት ያለውንና የሌለውን በአንድ ሚዛን ስንመዝን የኖርነው እኛ ነበርን። ያን ዕለት ሐሞቴ ፈሰሰ ብል፣ ከዚህ ሥራ አንጻር ቀልድ ይመስል ይሆናል። የሌላው የሐሞት አሲድ፣ የቶሮኮሊክ አሲድ፣ ሶዲየም ጨው ደግሞ ብልቃጡ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ስለሚስብ፣ ለሦስተኛው ገዢ የምንመዝንለት ከፊሉ ውሃ ነበር። የአምራቹ ሰርተፍኬትም የሚናገረው ስለታሸገው ብልቃጥ እንጂ እኛ ስለከፈልነው አይደለም። ለየብቻው የሚመዘንበት ክፍልና ሁለተኛ ሚዛን ማዘጋጀት ከአቅማችን በላይ ነው።

«ትርፍ ፈልጋችሁ ነው» መባሉ ግን አሳዝኖኛል። ይህን ሥራ ከማስተማር ወጥቼ በአንድ ማቀዝቀዣ ስጀምር፣ ብልቃጡን በበረዶ ሣጥን ይዤ በታክሲ የማደርሰው እኔው ነበርኩ። ለተማሪ እንዲቀል ብሎ ከፍሎ መሸጥን ያመጣውም ይኸው ድርጅት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ አስቀድሞ የታዘዘውን ሁሉ በቀድሞው ዋጋ አስረክበናል። ያን ጊዜ ስለ ትርፍ የጠየቀን ሰው አልነበረም።

አሁን የምንለምናችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቤተ ሙከራዎች ሆናችሁ አንድ የታሸገ ብልቃጥ በጋራ እንድትገዙ ነው። ዱቄቱን አትክፈሉት፤ በሙሉ በሜታኖል አሟሙታችሁ በፒፔት ተካፈሉት። በ3ኛው ካርቦን ላይ ኬቶን (በአጠገቡ ያለውን ሃይድሮጅን ለመለዋወጥ የሚያጋልጥ የኦክስጅን ቡድን) ስለሌለ ዲዩቴሪየሙ በሜታኖል ውስጥ በሃይድሮጅን አይተካም፤ በጥብቅ በተዘጋ የመስታወት ብልቃጥ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት። የሚያግዝ ከፈለጋችሁ ያለ ክፍያ መጥቼ አብሬያችሁ አዘጋጃለሁ።

ቀደም ሲል ከፍለን የሸጥንላችሁ በእጃችሁ ካለ ለብቻው ሞክሩት። ኮሊክ ከሆነ 407፣ ዲኦክሲኮሊክ ወይም ኬኖዲኦክሲኮሊክ ከሆነ 391 ላይ ጎላ ያለ ፒክ ካያችሁ መልሱልን፤ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት