ይድረስ ለአባ መዶሻ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ ከደሴ ብርድ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጠዋት የተነሣ ሰው ምሳውን እዚህ ይበላል። እኔም አልመጣሁ፣ አንተም አልመጣህ፣ ስልኩም ዝም እንዳለ ከረመ። ይቅርታ ብያለሁ፤ አንተም በልና እኩል እንሁን። ጥፋት መቁጠር ከጀመርን አንዳችን ማኩረፋችን አይቀርም፤ የሚያኮርፈውም አንተ ነህ፣ አውቅሃለሁ። ይህንን በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትስቅብኝ ነው። አንተ ስትስቅ እኔ ስልኩን እዘጋለሁ። ወረቀት ከሆነ ግን ስቀህ ስትጨርስ ቀሪውን ታነባለህ።

ልጄ ወስዳኝ ፓሪስ ደርሼ መምጣቴን ሰምተሃል። ካልሰማህ የወሎ ወሬ ደክሟል ማለት ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ባቡሩ፣ በሰው እቅፍ ስለሚሄዱት ውሾች ስንገናኝ አወራሃለሁ። የኤፍልን ማማ ነገር ግን ዛሬውኑ መስማት አለብህ፤ ጉዳዬ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ልጄ ያሰበችው እንደ ማንኛውም ጎብኚ ፎቶ አንሥታኝ፣ በአሳንሰር አውጥታ አውርዳኝ ወደ ቤት ልትመልሰኝ ነበር። እኔ ግን ከሩቅ ካየሁት ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ዕድሜውን ሁሉ ብረት ሲቆርጥና ሲቀጥል የኖረ ሰው 330 ሜትር የቆመ ብረት ፊቱ ሲገተር ምን ይሁን? እግሩ ሥር ደርሼ ቀና ብል ቆቤ ወደ ኋላ ወደቀ። ሕዝቡ ለማማው ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሣል፤ እኔ ደግሞ ወደ ብረቱ ተጠግቼ የብየዳውን ስፌት ፈለግኩ። ብየዳ የለም! ያ ሁሉ ብረት የተያያዘው በሪቬት፣ ማለትም ግሎ በሚመታ የብረት ችንካር ነው። 18,038 ቁራጭ ብረት፣ 2,500,000 ሪቬት። ሠራተኞቹ አራት አራት እየሆኑ ነበር የሚመቱት፤ አንዱ ሪቬቱን በእሳት ያግላል፣ አንዱ ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ ደግፎ ይይዛል፣ አንዱ የሪቬቱን ራስ ያበጃል፣ አንዱ በከባድ መዶሻ ያሳርፍበታል። የጋለው ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ብረት ጥርቅም አድርጎ ያጣብቃቸዋል። መዶሻውን ለማን እንደምሰጥ አላጠራጠረኝም። እኔ አጋዩን ነበር የምሆነው፣ ያውም ለብርድ ስል።

ደግሞ አንድ ነገር ስማኝ፣ ይኼን ሳልነግርህ ብሞት ይቆጨኛል። አራቱ እግሮች ወደ ውስጥ ዘመው ነው የሚወጡት። እየወጡ ሄደው 57 ሜትር ላይ፣ የመጀመሪያው ፎቅ ጋ፣ በአግዳሚ ብረት መያያዝ አለባቸው። እኔና አንተ የግቢ በር ማዕዘን አልገጥም ብሎን ስንቴ ተሰዳደብን? እነርሱ እግሮቹን አሸዋ በተሞሉ ሳጥኖችና በውሃ ግፊት በሚሠራ ክሪክ ላይ አሳረፏቸው። ከፍ ያለውን ለማውረድ አሸዋውን ቀስ እያደረጉ ያፈስሱለታል፤ ዝቅ ያለውን በክሪክ ያነሡታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቀዳዳ ለቀዳዳ ገጠሙት። አሸዋ፣ አባ መዶሻ! ከቦርከና ዳር በነጻ የሚዛቅ አሸዋ! መሠረቱን መቆፈር የጀመሩት በፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 1887 ነው፤ በመጋቢት 1889 ጫፉ ላይ ባንዲራ ሰቀሉ። የእኛ ሰፈር የውሃ መውረጃ ቦይ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጅቷል፤ እስካሁንም ክዳን የለውም።

ይህን ሁሉ ያወራሁልህ ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት ነው። እንግባ።

በአሳንሰር አልወጣም አልኩ። በደቡቡ እግር በኩል ደረጃ አለ፤ እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ ለጎብኚ በአሳንሰር ብቻ ነው። ልጄ «አባዬ፣ ጉልበትህስ?» አለችኝ። «የጦሳን ተራራ መሀል ላይ ሳላርፍ የወጣሁ ሰው ነኝ» አልኳት። አንተ ስንት ጊዜ እንዳረፍን ታውቃለህ፤ እርሷ ግን አልነበረችም።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ። ወደ ላይና ወደ ጎን እያየሁ፣ ሪቬቱን በጣቴ እየነካሁ ወጣሁ። ቀለሙን ሳይቀር አጣራሁ፤ በየሰባት ዓመቱ ገደማ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው በብሩሽ ይቀቡታል፣ 60 ቶን ያህል ቀለም ይበላል። ለልጄ ዝገት እንዴት ከመጋጠሚያ እንደሚጀምር እያስረዳሁ ሳለ የወደቀ ወረቀት ለማየት ወደ ታች አጎነበስኩ። ደረጃው፣ ዙሪያው፣ ሁሉ ነገር ክፍት ነው። በብረቱ መካከል መሬቱ ይታያል፤ ሰዉ ይርመሰመሳል። እግሬ ቆመ። ደከመኝ አይደለም፤ ቆመ ነው የምልህ። ጉልበቴ እንደ አራስ ጥጃ ይብረከረካል፤ እጄ ደግሞ መደገፊያውን አልለቅም አለ። ልጄ ሁለት ደረጃ ቀድማኝ ሄዳ «አባዬ፣ ና እንጂ» ትላለች። እኔ ብረቱን የምመረምር መስዬ ቆሜያለሁ። አንዲት ነጭ ጠጉር ያላቸው ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው «ፓርዶን» ብለውኝ አለፉ። አለፉኝ!

ጦሳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰብኝም። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠን በቆሎ እሸት በልተናል። ተራራ ከሥርህ ደፍኖ ነው የሚይዝህ፤ ይህ ግን ከሥርህ አየር ነው። ቀን ሙሉ የጣሪያ አግዳሚ ላይ ተንጠልጥለን የዋልንበት ዘመን የሌላ ሰው ታሪክ መሰለኝ።

ከመጀመሪያው ፎቅ በየት በኩል እንደደረስኩ አልነግርህም። እዚያ ደግሞ የወለሉን ከፊል መስተዋት አድርገውታል፤ ልጆች ላዩ ላይ ተኝተው ይስቃሉ። በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞርኩት። ከዚያ መውረድ ነበረብኝ፤ ግን ሴትዮዋ ወደ ላይ ሲቀጥሉ አየሁና እልህ ያዘኝ። ሁለተኛው ፎቅ 116 ሜትር ነው። ደረስኩ። ወንዙ፣ ድልድዮቹ፣ ያ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣሪያ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ያየሁት በአብዛኛው የመደገፊያውን ብሎን ነው። ልጄ ወደ ጫፉ በአሳንሰር ስትወጣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚህ የብረቱን አሠራር ልይ» አልኳት። አየሁም፤ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

አገር ቤት ስመለስ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጫፉ ላይ ደረስክ?» እኔም «ጫፉ 276 ሜትር ላይ ነው፤ ኤፍል ራሱ እዚያ ቢሮ ነበረው» እላለሁ። ደርሻለሁ አላልኩም። ከዚያ ወደ ሪቬቱ እገባለሁ፤ ሪቬት ውስጥ ስገባ ጠያቂው ቡናውን ጨርሶ ይሄዳል።

እስከዚህ ከሳቅክ ይበቃል። የማያስቀው ቀጥሎ ነው።

ነገሩ የፓሪስ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ የጎረቤት አሸንዳ ልጠግን መሰላል ላይ ወጣሁ፤ የአንድ ፎቅ ቤት ነው፣ ታውቀዋለህ። ያው እግሬ፣ ያው እጄ። ግራይንደሩን ረሳሁ ብዬ ወረድኩና ልጁን ላክሁት። ከዚያ ወዲህ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብዬ አላውቅም። ባለቤቴ አታውቅም። ልጆቹ ሥራውን ለእነርሱ የተውኩ፣ ሽማግሌ የሆንኩ መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ ገና ወደ ፓሪስ ሳልሄድ፣ ውል ፈርሜያለሁ። ከሐይቅ ወዲህ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው። ቁመቱ 12 ሜትር፤ ላዩ ላይ 10,000 ሊትር ሮቶ ይቀመጣል፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 10 ቶን ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሯሯጡ ልጆች። መሠረቱ ተሞልቷል። እግሮቹን እንደገና ሣልኳቸው፤ ከሥር ሰፋ ብለው፣ ወደ ላይ እየጠበቡ እንዲወጡ። ኤፍል ያን ቅርጽ ያወጣው ለውበት ብቻ ብሎ አይደለም፤ ነፋሱን አስልቶ ነው። የሐይቅ ነፋስም ከሰዓት በኋላ ቀልድ አያውቅም። ኮሚቴው ግን «ይኼ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው? እንደ ሰው ቀጥ ያለ አትሠራም?» አለኝ። ማማው ሲጀመር የፓሪስ ስመ ጥር ጸሐፍትና ሠዓሊዎችም ከተማችንን አበላሸብን ብለው በጋዜጣ አቤት ብለው ነበር። እንዲቆም የተፈቀደለት ለ20 ዓመት ብቻ ነበር፤ ኋላ ለሽቦ አልባ መልእክት አንቴና ጠቃሚ ሆኖ ስለተገኘ ሳይፈርስ ቀረ። ይህን ለኮሚቴው ነገርኳቸው። አንደኛው «የእኛ ግን ከ20 ዓመት በላይ ይቆማል አይደል?» አለኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ልጆቼ ብረቱን ማንሣት ይችላሉ። መውጣትም አይፈሩም፤ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። የማይፈራ ልጅ ብሎኑን እስኪጮህ ያጠብቅና አለቀ ይላል፤ ከብሎኑ ሥር ዋሸሩ ይኑር አይኑር አያይም። ላይ ወጥቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በዓይኑ የሚያይ፣ በእጁ የሚነካ ሰው ያስፈልጋል። ድሮ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ሌላ የማምነው ዓይን ደግሞ አንድ ነው። እርሱም ወልድያ ተቀምጦ የሱቅ ሚዛን ይጠብቃል።

እንግዲህ ተናገርኩት። ብየዳ ከተውክ ቆይተሃል፤ አውቃለሁ። ከመርሳው ወፍጮ ቤት በኋላ ሁለተኛ ጣሪያ አልረግጥም ብለህ በእናትህ ስም መማልህንም አልረሳሁም፤ አጠገብህ ነበርኩና። ስለዚህ ይህን ልጠይቅህ ተገቢ መሆኑን እንጃ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ወረቀት ውድ ነው። ግን ብዙ አሰብኩበት። ሌላ ሰው ብቀጥር ለምን ራስህ አትወጣም ይለኛል። አንተ አትለኝም። ወይም ትለኛለህ፤ ግን ምክንያቱን አስቀድመህ ታውቃለህ።

መውጣቱን ካልወደድከው ከሥር ቆመህ ብትጮህባቸው እንኳ ይበቃኛል። አይ፣ አይበቃኝም። እውነቱን ልንገርህ፤ መውጣት አለብህ። የደህንነት ቀበቶ ገዝቻለሁ፣ አዲስ ነው፤ እንደ ድሮው በገመድ ወገብህን አስረህ በቢስሚላህና በስላሴ አትወጣም። ገንዘቡን እኩል እንካፈላለን። «እኩል» ስል የኮምቦልቻውን ዓይነት እኩል አይደለም፤ እርሱን አንድ ቀን እንነጋገርበታለን። ምናልባትም ሁለታችንም ፈሪ ሆነን ተገኝተን፣ ልጆቹ ከላይ ሆነው ይስቁብን ይሆናል። እርሱም ቢሆን ለብቻዬ ከምሆን ይሻለኛል።

ከመጣህ ውጫሌን ስታልፍ ሹፌሩን ቀስ በል በለው። ፓሪስ ሳለሁ ማማው የቆመበትን ዓመት በእኛ ስቆጥረው 1881 ሆነብኝ። እዚያው አንተ ደጅ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ለዓድዋ ያበቃን ውል የተፈረመው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 25 ቀን ነው። ማማው የተሠራለት ታላቅ ኤግዚቢሽን ደግሞ በአራተኛው ቀን ተከፈተ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ሲሚንቶ ጭነን ተመላልሰናል፤ አንድም ቀን ወርደን አላየነውም። ይህን ለልጄ ስነግራት ልጄ ፎቶ እያነሣች ነበር። አንተ እንኳ ስማኝ።

ባለቤቴ መኝታ አዘጋጅታለች፤ ለምን እንደምትመጣ ግን አልነገርኳትም። ለጥየቃ ነው ብያታለሁ፤ አንተም እንዲሁ በል። ለጾም ከሆነ የምትመጣው ሽሮው በዘይት ነው፣ አትሥጋ፤ የአንተን ጾም ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች።

ኮንክሪቱ 28 ቀኑን እስኪሞላ እግሮቹን አላቆምም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር መግቢያ ላይ ብትደርስ ይበቃል። አልችልም ካልክም በቶሎ አስታውቀኝ፤ አልቀየምም፣ ትንሽ ብቻ። የምንገጥመው በሪቬት ሳይሆን በብሎን ነው። ሪቬት አምሮኝ ነበር፤ ልጆቹ ግን አበደ ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ያንን ረጅሙን 24 ቁጥር ቁልፍህን ይዘህ ና። የእኔን ያ የምታውቀው ሰውዬ ተውሶ ወሰደው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ወንድምህ